ባዶ እግር የሚያውቀው ወለል

ኖቬምበር 12፣ እሑድ

ዛሬ ራት ላይ አባባ የዓሣውን አጥንት ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋ አደረጉና፣ ስለ ነፋሱ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው፣ «የዘንድሮው የብርድ ልምምድ ሲያበቃ ሰይፌን አስቀምጣለሁ» አሉ። ሰይፍ ያሉት ኬንዶ የምንለማመድበትን የቀርከሃውን ነው። «በላይኛው የመምህር ቦታ የሚቀመጥ ሰው ከተገኘ መልካም። ካልተገኘ በሩን እንዘጋዋለን። መምህር የሌለው የልምምድ አዳራሽ መጋዘን ነው።» ሾርባቸውን ጨርሰው ተነሡ።

ባሌ ኩኒሂኮ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ደግሞ እንደ ጅል «ሩዝ ልጨምር?» እላለሁ።

የብርድ ልምምዱ በጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ሰው መፈለግ አለብኝ። ሌላ ማን ይፈልጋል? ኩኒሂኮ የቤቱ አንድ ልጅ ሆኖ ሳለ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሚዛን ፊት መቆም እንጂ ሰይፍ ፊት መቆም አልወደደም። «እኔ የተወለድኩት በወጥ ቤት በኩል ነው» ይላል ሁልጊዜ።

እውነትም ቤታችን ሁለት ደጃፍ አለው። በወጥ ቤቱ በኩል ያሉት ሽማግሌ አማቴ፣ አባባ ናቸው። በአዳራሹ በኩል ግን መምህር ጌንሳኩ ኢሶጋይ ናቸው፤ እኔም ምራትነቴ ቀርቶ ከተማሪዎቹ አንዷ እሆናለሁ። በሙሽርነት ስመጣ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያውን ክረምት ጩኸቱንና የእግሩን ኮቴ ከወጥ ቤት ሆኜ ሳዳምጥ ከረምኩ፤ በሁለተኛው አላስቻለኝም፣ ሽርጤን ፈትቼ ገባሁ። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ቦታዬ የታችኛው ወገን፣ በሩ አጠገብ ሆነ። ደረጃዬ ሲያድግ ወደ ላይ ተጠጊ ብለውኝ ነበር፤ ወይ ፍንክች። ብርድ ቢገባም ለወጥ ቤቱ ቅርብ ነው።

ኖቬምበር 15

ቸኩያለሁ። ሴንዳይ ከተማ ላለው ለቀድሞው ተማሪያችን ለሞሪዋኪ ጻፍኩለት። መልስ ገና ነው። አባባ የእኔን ጫማ አድርገው ወደ አትክልቱ ወጡ። ሐሳብ ይዟቸው ይሆናል።

ኖቬምበር 19፣ እሑድ

ከልምምድ በኋላ ጋሽ ኦኩዳን በር ላይ ያዝኳቸው። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ አንጋፋውም እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ ኦኩዳ፣ የላይኛውን ቦታ እርስዎ ቢይዙልንስ?»

«እኔ? እኔ እኮ ሰው አንገቱን ሰጥቶኝ ዝም ብሎ እንዲቀመጥልኝ የለመድኩ ነኝ። እዚህ ደግሞ ዘወር ብሎ ይመታኛል።»

«ቀልዱን ይተዉት እባክዎ።»

«ወገቤን ታውቂው የለም እንዴ? ደግሞስ ሰው ጠፍቶ ነው? ዐይንሽን ገልጠሽ ፈልጊ።»

«እየፈለግኩ ነው። ለሞሪዋኪ ጽፌያለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን እስቲ፣ ጻፊ» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

ሞሪዋኪ የዚህ አዳራሽ ልጅ ነው። እዚሁ ወለል ሲወለውል ነው ያደገው፤ ዛሬ ለፖሊሶች ኬንዶ ያስተምራል፣ ደረጃውም ሰባተኛ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ስምንተኛ ብቻ ነው። እሱ ከመጣ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ «መምህር እኮ ሳያዩ ነው የሚያውቁት፤ ግራ ተረከዜ እንደወረደ በጆሯቸው ሰሙ» ስትል ሰማሁ። ኩራት ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው መምህር ማን አለው!

ኖቬምበር 28

ከኩኒሂኮ ጋር ተጣላሁ። «አባዬ አያይም» አለኝ፣ ድንገት፣ ጥርሱን እየፋቀ። በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ማን ጥርት አድርጎ ያያል? ሻይ ሲቀዱ የፈሰሰው ጽዋው ትንሽ ስለሆነ ነው። ጽዋውን ቀየርኩላቸው።

ዲሴምበር 3፣ እሑድ

ሞሪዋኪ ስልክ ደወለ! ጃንዋሪ 6 መጥቶ ከመምህር ጋር ይነጋገራል። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። ከዚያ ድንጋጤ ያዘኝ፤ በእንግዳ ዐይን ለማየት ወደ አዳራሹ ገባሁ። ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈሳል፣ የመስኮቱ ወረቀት ቢጫ ሆኗል። ወለሉ ብቻ ነው የሚያኮራው። ጥቁር ነው፤ ቀለም ግን አልነካውም፣ የሰው እግርና የእርጥብ ጨርቅ ሥራ ነው።

ይህን ቤት የአባባ አያት ናቸው የሠሩት። ሳሙራይ ሰይፍ ታጥቆ እንዳይሄድ ሲከለከል ሹመታቸውንም ሰይፋቸውንም ባንድ ጊዜ አጡ። ሌላው እንደሳቸው ያለ ሰው በየቤቱ ተኮራምቶ ሲያለቅስ፣ እሳቸው ፈርሶ የነበረ የሩዝ ጎተራ እንጨት ሰብስበው አዳራሽ ሠሩና የዓሣ ነጋዴ ልጆችን አስገቡ። «ለዓሣ ነጋዴ ልጅ የሰይፍ ጥበብ ምኑ ነው?» ብለው የሳቁባቸው ነበሩ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ያስተማሩት ሰይፍ አልነበረም፤ ሲገቡ እጅ መንሣትን፣ ወለል መወልወልን፣ ተሸንፎ ማመስገንን ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አሸናፊዎቹ ቀርከሃውንም ከለከሉ። ያኔ የአባባ አባት በዚሁ አዳራሽ ሒሳብና የብሩሽ ጽሕፈት ማስተማር ጀመሩ። ታዲያ በየማለዳው፣ ከትምህርቱ በፊት፣ ልጆቹ ሁሉ እርጥብ ጨርቅ በሁለት እጃቸው ወለሉ ላይ ተጭነው፣ ወገባቸውን አንሥተው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየሮጡ ይወለውላሉ። ጨርቅ አልተከለከለማ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ክልከላው ተነሥቶ ቀርከሃውን መልሰው ሲይዙ እግራቸው ምንም አልረሳም ነበር። ይህን አባባ ሲያወሩ ስንት ጊዜ ሰማሁ።

ጀልባ ሲሰጥም የሰመጡትን ያስተኛነው እዚህ ነው። ማዕበል ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያደረው እዚህ ነው። ይህን መጋዘን ነው የምናደርገው? አይሆንም። ሞሪዋኪ ይመጣል።

ዲሴምበር 13

ነገ አባባን አኪታ ከተማ ወዳለ ዐይን ሐኪም እወስዳለሁ። ለመነጽር ብቻ ነው። እህታቸው ጋ አድረን ቅዳሜ እንመለሳለን። የአዳራሹን ቁልፍ ለሱጌኖ ሰጠሁት፤ ጣሪያውን ልጠግን ብሏል። ወደብ ላይ ጀልባ የሚቀባ ሰው ነው፤ መንታ ሴት ልጆቹ ተማሪዎቻችን ናቸው። እሱ ራሱ ቀርከሃ ይዞ አያውቅም፣ ግን ልጆቹን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ሁሌ አፉን ከፍቶ ያያል። ደግ ሰው ነው።

ዲሴምበር 16፣ ቅዳሜ

ተመለስን። ሐኪሙ አባባን ለብቻቸው ብዙ አነጋገራቸው። ለእኔ «መነጽር አያስፈልጋቸውም» አለኝ። ተመስገን፣ ደህና ናቸው ማለት ነው።

ባቡሩ ውስጥ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ትንሽ እንደሄድን «ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው?» አሉኝ። ግራጫ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ነጭ ነው፣ አንዲት ጀልባ ብቻ አለች አልኳቸው። «ቀጥይ» አሉ። እስከ ጣቢያችን ድረስ ስለ ባሕር ሳወራ መጣሁ። ባሕር ይወዳሉ ብዬ አላስብም ነበር።

ዲሴምበር 17፣ እሑድ

ከየት ልጀምር?

ማለዳ ወደ አዳራሹ ስሄድ ሱጌኖ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ በሩ ላይ ቆሟል። «እትዬ ሺኖ፣ ጣሪያው አልቋል፤ እና ደግሞ… ይግቡና ይዩት!» ገባሁ። ወለሉ ያብረቀርቃል። የጣሪያው ምሰሶዎች ወለሉ ውስጥ ተዘቅዝቀው ይታያሉ። ጀልባ የሚቀባበትን ቫርኒሽ፣ ምርጡን፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀብቶታል።

ኬንዶ በባዶ እግር፣ እግር እያንሸራተቱ ነው። ደረቅ እንጨት እግርን ያሳልፋል። ቫርኒሽ ላይ ግን ላብ ያለው እግር ይጣበቃል፤ ሰውነት ወደፊት ሲሄድ እግር ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቆዳ ይላጣል። ይህን የዚህ ቤት ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሱጌኖ ግን ከየት ይወቀው? ማን ነገረው?

ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ እያንዳንዱ በሩ ላይ ደርቆ ይቀራል። በመጨረሻ ጋሽ ኦኩዳ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። «ሱጌኖ! እንዴት ያለ ልፋት ነው! ልክ እንደ ሆቴል አዳራሽ!» ሁላችንም ተከትለን እጅ ነሣን። እኔም፣ ይህች ምላሴ ትቆረጥና፣ «እንዴት አድርገን እናመሰግንዎታለን» አልኩ።

መምህር መጨረሻ ላይ ገቡ። ቀኝ እግራቸውን አሳረፉና ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው «ይህን ያህል የሚወደን ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ መምህር። ሱጌኖ።»

ተንበረከኩና ሁለት እጃቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው እጅ ነሡት። ሱጌኖ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ልምምድ ጀመርን፤ ሲያልቅ ሁላችንም እናነክሳለን። ጋሽ ኦኩዳ የተረከዛቸውን ቆዳ እዚያው ትተው ሄዱ። ማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ነን እኛ፤ ሰው ከሚያፍር እግራችን ቢላጥ እንመርጣለን።

ዲሴምበር 20

ፋርማሲው ፕላስተር አልቆበታል። ልጆቹ እግራቸውን አሽገው ይመጣሉ። ሱጌኖ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ። ሞሪዋኪ ሊመጣ ነው። ይህን ሊያይ።

ዲሴምበር 21

አባባን «ምን እናድርግ?» አልኳቸው።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«መፋቅ አለበት። ግን ሱጌኖ ሳያፍር።»

«እንዴት አድርጎ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እስክታውቂ እናነክሳለን» ብለው ሻያቸውን ፈለጉ። ደክሟቸዋል፤ ዱሮ ቢሆን ራሳቸው በአንድ ቃል ይጨርሱት ነበር። አሁን ሁሉንም ወደ እኔ እየገፉ ነው፣ እኔም እንደማንም ዝም ብዬ እቀበላለሁ።

ዲሴምበር 24፣ እሑድ

ያደረግኩት ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ በአፌ መናገር አቃተኝ።

ዛሬ ሱጌኖን በሩ ላይ አገኘሁትና «ጫማዎን ያውልቁ፤ ካልሲውንም። ሁልጊዜ ቆመው ከሚያዩ አንዴ ይሞክሩት» አልኩት። መንታዎቹ ደስታቸው ወሰን አጣ። መጀመሪያ ጨርቅ ሰጥቼ ከልጆቹ ጋር ወለሉን አስወለወልኩት። ከዚያ አጠገቡ ቆሜ አረማመዱን አሳየሁት፤ ግራ ተረከዝ በትንሹ ከፍ፣ ቀኙ ወለሉን እየላሰ ወደፊት። ላብ ሳያልበው ደህና ነበር። ቆይቶ ግን እግሩ ተያዘና በጉልበቱ ወደቀ። ተነሣ። ደግሞ ወደቀ። ተቀምጦ የእግሩን መርገጫ ገልብጦ አየ። ከዚያ ዘወር ብሎ የልጆቹን የታሸገ እግር አየ። ሁላችንም ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ያገኘነውን ሁሉ ማየት ጀመርን።

«እኛ ጀልባውን የምንቀባው ሰው እንዳይንሸራተት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ» አልኩት።

«እዚህ ግን መንሸራተት አለበት።»

«አዎ።»

ወደ ጋሽ ኦኩዳ ዞረ። «ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ 'ልክ እንደ ሆቴል' ስትሉኝ የነበረው?» 

ጋሽ ኦኩዳ «ሆቴል ውስጥ ማን በባዶ እግሩ ይሄዳል!» አሉ። መጀመሪያ የሳቀው ሱጌኖ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ ግን እየሳቀ እንባውን ይጠርግ ነበር። ከመሄዱ በፊት «እትዬ ሺኖ፣ ነገ መፋቂያ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

ዲሴምበር 29

መፋቅ። መፋቅ። ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። ሱጌኖ መፋቂያና ብርጭቆ ወረቀት አደለ፤ እኔ ማን የቱን ሳንቃ እንደሚይዝ እመድባለሁ፣ አለበለዚያ ሁሉም አንድ ቦታ ይጎርፋል። ኩኒሂኮ ሳይቀር ከሥራ ቀርቶ ተንበርክኳል። «በወጥ ቤት በኩል የተወለደ ሰውም ወገብ አለው» እያለ ያማርራል።

ጃንዋሪ 1

በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ቤት አይጠረግም፤ ዕድል አብሮ ይወጣል ይባላል። እኛ ግን የላይኛው ጥግ ቀርቶን ነበር። አንዳንዶቹ አመነቱ። ጋሽ ኦኩዳ «የምንጠርገው የጀልባ ቀለም ነው፤ አማልክቱ ከዕድል ለይተው ያውቁታል» አሉና ፋቁ። ከሰዓት በኋላ ጨረስን።

ከመጨረስ ይልቅ ማየቱ ከበደኝ። ጥቁሩ ወለል የለም። እንደተላጨ የልጅ ራስ ነጣ። የዚያ ሁሉ ሰው እግር፣ ያ ሁሉ ጨርቅ፣ ከቫርኒሹ ጋር አብሮ ተፍቆ በጆንያ ወጣ። አባባን በክንዳቸው ይዤ አስገባኋቸውና አለቀስኩ። «የአባቶችዎ እግር የሠራው ጠፋ» አልኳቸው። በእግራቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «የእኛ እግር ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ?» አሉና የሩዝ ቂጣው፣ ሞቺው፣ እንዳይደርቅ ወደ ማዕድ እንሂድ አሉ።

የአዲስ ዓመት ካርዶቹን እኔ አነበብኩላቸው። ድምፅሽ ደስ ይለኛል ይላሉ።

ጃንዋሪ 6፣ ቅዳሜ

ሞሪዋኪ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ስለ ወለሉ ገና በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። ካልሲውን አውልቆ አንድ ጊዜ ዞረበት። ልምምዱን ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ተመለከተ። በኋላ ሻይ ሳቀርብለት ይጠይቀኝ ጀመር።

«እትዬ ሺኖ፣ የልጆቹን ልምምድ የሚመራው ማነው?»

«መምህር ናቸው እንጂ! እኔ ድምፃቸው እንዳይደክም ትእዛዙን አሰማላቸዋለሁ። አንዳንዴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አሳይላቸዋለሁ።»

«እጅ አያያዝ የሚያርመውስ?»

«እሳቸው ከላይ ስለሚቀመጡ ይርቃቸዋል፤ እሱን እኔ ነኝ።»

«የአዋቂዎቹንስ?»

«እሱም ያው ነው።»

ሳቀ። ምኑ እንዳሳቀው አልገባኝም። ከዚያ ከመምህር ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ፤ ሁለቱም ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። በጣም ተስፋ አደረግኩ። ሊሄድ ሲል ግን በሩ ላይ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ። «ይህ ቤት እኔን አያስፈልገውም» አለኝ።

በትሕትና ነው ያሰናበተኝ። ወለሉን አይቶ ነው። ወይም እኔ ብዙ ለፍልፌ መምህርን እንደደከሙ አስመሰልኳቸው። ለኩኒሂኮ ስነግረው «አንቺ ሴትዮ፣ ለሰው ሁሉ እግር ታርሚያለሽ፣ የራስሽ የት እንደቆመ አታውቂም» ብሎ ይስቃል። በዚህ ሰዓት ምን ያስቃል? ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ጃንዋሪ 11

ሌላ አንድ ሰው ጠየቅኩ። አልችልም አለ። ሌላ ሰው አላውቅም። ለልጆቹ ማን ይነግራቸዋል?

ጃንዋሪ 15

የብርድ ልምምድ ተጀመረ። ሳይነጋ፣ በበረዶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ። የላምባ ምድጃ የሚነደው ለሽማግሌዎቹ እጅ ብቻ ነው። ልጆቹ ትንፋሻቸው እየጨሰ ይጮኻሉ። እንዴት እወዳቸዋለሁ።

ጃንዋሪ 17

መንታዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሲዘጋ የት እንሄዳለን?»

«ማን ይዘጋል አለሽ? አባታችን አይዘጋም ብሏል።»

«ታዲያ ማን ያስተምራል?»

እኔን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እየተሳሳቁ ሮጡ። ልጆቹ ባዶ ተስፋ ይዘዋል። ይህ ደግሞ የባሰ አንጀቴን በላው።

ጃንዋሪ 19

ዛሬ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ውስጡ ግን የጨርቅ ድምፅ ይሰማል። አባባ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወለሉን እየወለወሉ ነው። መብራቱን አበራሁ። ቀና አላሉም። ብርሃን እንደመጣ አላወቁም።

ከዚያ ወዲያ ራሴን ማታለል አልቻልኩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በጋው ሲያልቅ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጫማሽን አድርጌ ወጣሁ። ሻይ አፈሰስኩ። ባሕሩን ሳይቀር ጠየቅኩሽ። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ልንገርሽ?» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። «በይ፣ እንባ ወለል ያበላሻል» ብለው ጨርቁን ግማሽ ሰጡኝ። አብረን ወለወልን። እንደሳቸው ያለ ሰው ሁለተኛ አላይም።

ጃንዋሪ 21፣ እሑድ፣ ቀትር

የመጨረሻው ቀን ነበር። ለብርድ ልምምዱ መዝጊያ ሁሌ ቀይ ባቄላ በስኳር ቀቅለን ሞቺ እንጨምርበታለን፤ ገና በጨለማው ወጥ ቤት ገብቼ ሳማስል ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር መግባት ፈርቼ ነው። ይዘጋል የሚለውን ቃል ከአፋቸው መስማት አልቻልኩም። ጸጥ ሲል ግን ሽርጤን ፈትቼ ገባሁ።

ሁሉም በየደረጃቸው ተሰልፈው ተንበርክከዋል። ፊታቸው ወደ ላይኛው ቦታ ነው። የላይኛው ቦታ ባዶ ነው። በሩ አጠገብ፣ የእኔ ቦታ ላይ፣ አባባ ተቀምጠዋል። መንገዱ ጠፍቷቸው እዚያ የተቀመጡ መሰለኝ። ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«መምህር፣ ተሳስተዋል። በሩ አጠገብ ነዎት።»

«የት እንዳለሁ አውቃለሁ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እዚህ ብርድ ይገባል። በሩን ዝጊና ወደ ቦታሽ ሂጂ።»

በሩን ዘጋሁ። ቦታዬን ፈለግኩ። መሐል ላይ ክፍተት ቢኖር ብዬ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል፣ ሱጌኖ እንኳን በአዲስ የልምምድ ልብስ ከልጆቹ አጠገብ ተወሽቋል። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ጋሽ ኦኩዳ ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ ሳቃቸውን ለማፈን ሲታገሉ ጆሯቸው ቀልቷል። በወጥ ቤቱ በር በኩል ኩኒሂኮ አንገቱን አስግጓል። ያኔ ገባኝ። ከሁሉም መጨረሻ እኔ ነኝ የገባኝ።

አይሆንም ልል ነበር። ገና ስድስተኛ ደረጃ ያልደረሰች፣ ሙሽራ ሆና የጀመረች ልል ነበር። ግን ሰልፉ እየጠበቀ ነው፣ ልጆቹ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ነው። ስለዚህ ተራመድኩ። የነጣው ወለል እግሬን አሳለፈው። ላይ ደርሼ ዘወር አልኩና ተንበረከኩ።

«ለመምህር እጅ ንሡ!» አሉ ጋሽ ኦኩዳ።

ከልምድ የተነሣ እኔም መምህሩን በዐይኔ ፈለግኩ። ያየሁት የተጎነበሰ አናት ብቻ ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው ነጭ አናት ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ሌሎቹ ቀና ካሉም በኋላ ቆየ። እኔም እጅ ነሣሁ። «ተነሡ» አልኩ። ሁሉም ተነሡ። የዛሬውን ልምምድ እንዴት እንደመራሁት አላስታውስም፤ እንደ ሁልጊዜው ነበር አሉኝ።

ባቄላው ምድጃው ላይ ተረስቶ ነበር። ሁሉም ጎድጓዳ ሳህኑን ይዞ «እንዴት ይጣፍጣል!» «ግሩም ነው!» እያለ በላ፤ ሱጌኖ እንደውም ይድገሙኝ አለ። አባባ አንዴ ቀምሰው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ባቄላው አርሯል።»